ላንቃው የጠቆረው ቡችላ

አምስት ቡችሎች ከቤቱ ጥግ፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸውን ከገለጡ ጥቂት ሳምንት ቢሆናቸው ነው። ቡችላ ሊወስድ የመጣው ጎረቤት ጎንበስ ይልና አንዱን በማጅራቱ ብድግ አድርጎ አፉን በአውራ ጣቱ ይከፍታል። የሚያየው ላንቃውን ነው። ላንቃው ጥቁር ከሆነ ኃይለኛ ይወጣዋል፣ ቀይ ከሆነ ፈሪ ይሆናል ይባላል። ተንጠልጥሎ ካላለቀሰ ደግሞ ጎበዝ ነው። ከዚያ ገልብጦ ሆዱን ያያል፤ ወንድ መሆን አለበት። ምርጫው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላንቃው የጠቆረው ወንድ ቡችላ በጋቢ ጫፍ ተጠቅልሎ ይሄዳል። አራቱ ባሉበት ይቀራሉ።

በሺንሺቾም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ውሻ ሲመረጥ የሚታየው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ ተራ የቤት ጉዳይ ይመስላል። በግ ለበዓል ይገዛና ይታረዳል፣ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ጥላ ወጥ ትሆናለች። ውሻ ግን የሚመረጠው አብሮ እንዲኖር ነው፤ ያውም ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሁሉም የሚጠይቀው ነው፦ ለእኔ ቤት የሚሆነው የትኛው ውሻ ነው? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፦ የእኔ ቤትስ የሚሆነው ለየትኛው ውሻ ነው? ሰው ሕይወት ያለውን ፍጡር ለራሱ ጥቅም ሲመርጥ ለተመረጠው ምን ዕዳ ይገባበታል? ከጥግ ለቀሩት አራቱስ? እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጓሮ ወጥቶ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄውን የምናይባት ሺንሺቾ በከምባታ ምድር፣ በቃጫ ቢራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አካባቢው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። የከምባታ ሕዝብ ምልክት የሆነው የሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የአገሩ ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። ቤቱን የከበበው ጓሮ ቆጮውን፣ ቡላውንና አሚቾውን ብቻ ሳይሆን ገመዱን፣ መጠቅለያውንና የከብቱን መኖም ይሰጣል። እንሰት ግን እንደ ጎመን በወራት የሚደርስ ተክል አይደለም፤ ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ጃርት ወይም የዱር አሳማ አንድ ሌሊት ገብቶ ሲያድር የሚጠፋው የዓመታት ድካም ነው። ከሥር ደግሞ ፍልፈል አለ። ጨለማ ሲሆን ጅብ ይመጣል።

በእንዲህ ዓይነቱ ጓሮ ውሻ ጌጥ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮውን አቁሞ የሚያድር፣ የቤቱን ከብትና የቤቱን ጎተራ በጩኸቱ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ የቆጮ ፍርፋሪ፣ የድስት እጣቢ፣ በመሳላ ሰሞን ደግሞ አጥንት ነው። መሳላ የከምባታ የመስቀል በዓል ነው፤ ዘመድ ከሩቅ ይሰባሰባል፣ ሰንጋ ይጣላል፣ ሥጋ በየቤቱ ይገባል። የዓመቱን ረሃብ የሚረሳው ሰው ብቻ አይደለም፤ ውሻውም በአጥር ሥር ተጋድሞ አጥንቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ሲያደቅ ይውላል።

ይህ ውሻ የተጻፈ የዘር ሐረግ የለውም። አጭር ጠጉር፣ መካከለኛ ቁመት፣ ቀጭን ወገብ ያለው፣ ሰው «የሀበሻ ውሻ» ብሎ የሚያልፈው ነው። መራጩ ማኅበር ወይም ውድድር ሳይሆን ኑሮው ራሱ ነበር። ፀሐዩን፣ ቅዝቃዜውን፣ ረሃቡንና በሽታውን ያለፈው ዘር ተካ፤ ያላለፈው ቀረ። የሺንሺቾ ገበሬ ላንቃ ከማየቱ በፊት አገሩ በብዙ ሺህ ዓመታት ብዙውን ምርጫ ጨርሶለታል።

ከተማው ግን እየተለወጠ ነው። እንሰት በነበረበት ቆርቆሮ አጥር ቆሟል፤ በአንድ ግቢ አራትና አምስት ተከራይ ይኖራል። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ የሚመለስ ሰው «ጀርመን» ወይም «ዲቃላ» ያመጣል። ጀርመን የሚባለው ጀርመን ሸፐርድ ነው። ስሙ ራሱ እረኛ ማለት ነው፤ ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝቶ ዝርያውን መመዝገብ ሲጀምር የፈለገው ቀኑን ሙሉ ከበግ መንጋ ጋር የሚሮጥ፣ የሚታዘዝ ውሻ ነበር። ይህ የእረኛ ልጅ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ከብረት በር ጀርባ ሲታሰር ዝርያው የሰጠው ጉልበት መውጫ ያጣል። ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ሰንሰለቱን ያኝካል፤ በመጨረሻም ያገኘውን ይነክሳል። ባለቤቱም «ኃይለኛ ነው» ብሎ ይኮራል። በእውነቱ ግን ውሻው ታሟል።

ዛሬ በዓለም ላይ ስም ያላቸው የውሻ ዝርያዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ ግን እንደሚመስሉት ጥንታዊ አይደሉም። ሰውና ውሻ አብረው መኖር ከጀመሩ ከ14,000 ዓመት በላይ ሲሆን፣ መልክ እየለዩ፣ መዝገብ እየያዙ ማዳቀል የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ነው። የእንግሊዙ የውሻ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከዚያ ወዲህ «እገሌ የተባለው ዝርያ ለልጅ ይመቻል፣ እገሌ ደግሞ ክፉ ነው» የሚለው ንግግር እንደ እውነት ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ንግግር ፈተሸው። ተመራማሪዎቹ ከ18,000 በላይ ውሾችን በተመለከተ ባለቤቶቻቸውን ጠየቁ፤ ከ2,000 የሚበልጡትን ደግሞ በዘረመል መረመሩ። ያገኙት ውጤት፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪው የእያንዳንዱ ውሻ ተፈጥሮ፣ አስተዳደግና የኖረበት ቤት ነው።

ይህ ማለት ዝርያ ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። ቁመቱን፣ የሚበላውን መጠን፣ የጠጉሩን ብዛት ይናገራል። ለበረዶ አገር የተፈጠረ ባለ ድርብ ጠጉር ሃስኪ በቆላ ሙቀት ይሠቃያል። አፍንጫው እንዲጨፈለቅ የተዳቀለ ቡልዶግ ዳገት ወጥቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ጀርመን ሸፐርድ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚታወቅ ነው። ሰውነቱን ዝርያው ይነግረናል። ልቡን ግን ላንቃውም ዝርያውም አይነግረንም። የሺንሺቾው ገበሬና የአዲስ አበባው ገዢ የተለያየ ምልክት ያያሉ፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ወደፊት የሚሆነውን ከቡችላው አካል ላይ ለማንበብ ይሞክራሉ፤ የሚጻፈው ግን በገዛ ግቢያቸው ነው።

እዚህ ላይ ሃይማኖት ይገባል። ሺንሺቾ በአንድ ገበያ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋባት ከተማ ናት፤ ሁሉም ደግሞ ስለ ውሻ ከአባቶቹ የወረሰው ነገር አለው።

በኦርቶዶክሱ ዘንድ ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ በጥብቅ ይጠበቃል። «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ከሁሉም አቅጣጫ የሚባረርን ሰው ለመግለጽ እስከ ዛሬ ያገለግላል። መጽሐፍ ቅዱስም በአብዛኛው ስለ ውሻ በመልካም አያነሣም፤ የሚንከራተት፣ ሬሳ የሚበላ እንስሳ አድርጎ ያየዋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው፣ ካቶሊኩም የሚቀበለው መጽሐፈ ጦቢት ሌላ ሥዕል ያሳያል። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ለረጅም ጉዞ ሲነሣ ውሻው አብሮት ይወጣል፤ ሲመለስም ከኋላቸው ይመጣል። በታሪኩ ውስጥ ያ ውሻ አንዳች ጥቅም ሲሰጥ አይታይም። አይነክስም፣ አይጠብቅም፣ አያድንም። መልአክና ሰው በሚሄዱበት መንገድ እሱም ይሄዳል፤ በቃ። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ሲወድቅ ቀርበው ቁስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። ባለጠጋው ያላደረገውን እነሱ አደረጉ።

በእስልምናም ነገሩ ሁለት ወገን አለው። በአገራችን ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የውሻን ምራቅና እርጥበት ነጃሳ ይለዋል፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንዲታጠብ የሚያዘው ሐዲስ በሰሒሕ ሙስሊም ይገኛል። የማሊክ መዝሀብ ግን ውሻ በተፈጥሮው ንጹሕ ነው ይላል። ያለ ምክንያት ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚቀነስበት የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ያው ሐዲስ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ የሚያዘውን ውሻ ይለያል። የሺንሺቾ የእንሰት ጓሮ ጠባቂ ከዚህ ሦስተኛው ጋር ሳይቸገር ይቆማል። በቁርኣን በዋሻው ምዕራፍ፣ በአል-ካህፍ፣ በእምነታቸው የተሰደዱት ወጣቶች ለዘመናት ሲተኙ ውሻቸው እግሮቹን ዘርግቶ በደጃፉ ተኝቷል፤ ቁጥራቸው ሲነገርም አብሮ ይቆጠራል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውኃ የቀዳው ሰው ምሕረት ማግኘቱን የሚናገረው ሐዲስ ደግሞ በየመስጂዱ የታወቀ ነው።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለ ውሻ የተለየ ሥርዓት የላቸውም። ነገር ግን ሰባኪዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ትእዛዝ በዘዳግም ምዕራፍ 25 አለ፦ እህል የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር። ሐዋርያው ጳውሎስ ትእዛዙን ለአገልጋዮች ድካም ጠቅሶታል፤ መነሻው ግን እንስሳ ነው። የሚሠራ ከሚሠራበት ይብላ ማለት ነው። እንሰቱን የሚጠብቅ ውሻም ከእንሰቱ ቤት ጠግቦ ማደር ይገባዋል።

እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንዳቸውም ስለ ዝርያ አይናገሩም። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ለምን አኖርኸው? ንጽሕናህንና ጸሎትህን ሳታበላሽ እንዴት ትይዘዋለህ? በተጠማ ጊዜ ምን አደረግህለት? ክርስቲያኑ «አደራ»፣ ሙስሊሙ «አማና» የሚለው ቃል እነዚህን ሦስቱን በአንድ ይይዛቸዋል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው ስላማረው ብቻ አይደሰትም፤ ማስቀመጫ እንዳለው አስቀድሞ ያያል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረትም ውል ነው። ግማሹ የውሻው ነው፤ በልቶ ይጮኻል፤ ያንን እሱ በታማኝነት ይፈጽማል። ሌላው ግማሽ የሰው ነው፤ ተረቱ ሳይናገረው ያልፋል። ከጮኸ በኋላ የሚበላው ይኖረዋል ወይ? ሲያረጅ፣ ድምፁ ሲሰልል፣ ጥርሱ ሲረግፍስ? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ለተማሪዎቹ ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ያነሣው ምሳሌ ይኸው ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ ጌታው እስኪሞት ሊጦረው ይገባል። ለካንት ግን ዕዳው ለውሻው ሳይሆን ለሰው ልጅ ነበር፤ በእንስሳ ላይ የጨከነ ልብ ነገ በሰውም ላይ ይጨክናል ብሎ። እንግሊዛዊው ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ አለፈ፤ እንስሳ ማሰብ ወይም መናገር መቻሉ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ለእኛ በቂ ጥያቄ ነው አለ። የእኛ አገር «ውለታ» የሚለው ቃል ከሁለቱ ፈላስፎች ይልቅ ነገሩን ይጠጋዋል። ውለታ የሚዋልለት አካል ይፈልጋል። ሌሊት ነቅቶ ጅብ የመለሰ ውሻ ውለታ ውሏል፤ ውለታውን የሚመልስ ሰውም የሚመልሰው ለሰው ልጅ በጠቅላላ ሳይሆን ለዚያ ውሻ ነው።

ለወዳጅነት ብቻ ውሻ መያዝ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። በዚህች አገር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ የቺዋዋ ውሻ ነበረቻቸው፤ መቃብሯም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ቺዋዋ ጅብ አያባርርም። ከብት ሲጠብቅ የዋለ እረኛም ጉልበቱ ሥር የተጋደመውን ውሻ ጆሮ ሲያሻሽ ጅብ እያሰበ አይደለም። ጥቅምና ፍቅር በአንድ ቤት አብረው ማደር ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው የምርጫ ሚዛን ኃይለኝነት ነው። ላንቃ የሚታየው፣ ጆሮ የሚቆረጠው፣ ቡችላው ሰው እንዳይለምድ በጨለማ የሚታሰረው፣ ሚጥሚጣ ይጨመርለት የሚባለው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ ያየውን የሚዘነጥል ውሻ ማውጣት። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ሕመሙን እንጂ ጀግንነትን አይማርም። ሰው የማያውቅ ውሻ ደግሞ ሌባን ከእንግዳ፣ ጅብን ከሕፃን አይለይም። የሚነከሰው ማን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከተነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ከውሻው አፍ አጥንት ለመውሰድ ይሞክራል፤ ፊቱም በውሻው አፍ ቁመት ላይ ነው።

ሕግ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ወጊ በሬ ሲደነግግ፣ በሬው ወጊ መሆኑን እያወቀ ያላሰረውን ባለቤት ከማያውቀው ለይቶ ከባድ ኃላፊነት ይጭንበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ደግሞ ከዚያም ይጠነክራል፤ እንስሳው በድንገት ከእጅ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም ባለቤቱ ይጠየቃል። እንግዲህ ሆን ብሎ ኃይለኛ ውሻ የመረጠና ያሳደገ ሰው «አላወቅሁም» የሚልበት ቦታ የለም፤ ላንቃውን ከፍቶ ያየው ይህንኑ ሊያውቅ ነውና።

ከንክሻው የሚብሰው በንክሻው የሚገባው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ግን መከላከያው ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራው «ፓስተር» ሰፈር ለብዙ ኢትዮጵያውያን ከውሻ ንክሻና ሆድ ላይ ከሚወጉት ብዙ መርፌዎች ጋር የተያያዘ ትዝታ ነው። ያ ዓይነቱ ክትባት ዛሬ በተሻለ እየተተካ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ጠበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በክትባቱ ፈንታ ግን አይቆምም።

ፓስተር የሞተበት ቀን፣ መስከረም 18፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በከምባታ ይህ የመሳላ ማግሥት ነው፤ ውሻው አጥንቱን የሚያደቅበት ሰሞን። ያኔ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከእርድ የወጣ ሳምባና ጉበት፣ በተለይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት፣ ለውሻ በጥሬው ሲጣል በከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል ከውሻው ሆድ ገብቶ በኩሱ በኩል ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል። ለውሻ የሚራራ ሰው አጥንቱን ይሰጠዋል፤ ያን ሳምባ ግን ይቀብረዋል።

አንድ ቤት ውሻውን ሳያስከትብ ሲቀር ጣጣው ለጎረቤት ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች እረኞች ከጅብና ከነብር እንዲጠብቋቸው ውሾች ይዘው ይወጣሉ። በእነዚህ ውሾች በኩል የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 ወደ ቀይ ቀበሮዎች ዘልቆ መንጋ ጨርሷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ፣ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማያልፍ እንስሳ ነው። አንድ መርፌ ያልተወጋ የእረኛ ውሻ ፈጣሪ ለዚህች ምድር ብቻ የሰጠውን ፍጥረት ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ አራቱ ቡችሎች እንመለስ። ወንዱ ስለሚመረጥ ከሚቀሩት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ሴት ውሻ ትወልዳለች፣ ወንዶቹን ትሰበስባለች፣ ግቢውን ታስጮኻለች እየተባለ አትፈለግም። ስለዚህ በካርቶን ተደርገው ገበያ ዳር፣ ወንዝ ዳር ወይም ቄራ አጠገብ ይጣላሉ። የተረፈችው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ትወልዳለች፤ ልጆቿን የሚመርጥ ሰው የለም። መንገድ ዳር ሲበዙና ሰው ሲነከስ ከተሞቻችን መርዝ በሥጋ ለውሰው ሌሊት ይበትናሉ። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አስፋልቱ ዳር አረፋ የደፈቀ ሬሳ አይተው ያልፋሉ። መርዝ የሚበትነውን ሠራተኛ መውቀስ ይቀላል። ግን መንገዱ የሚጀምረው ከዚያ ከቤቱ ጥግ፣ ከደረቀው የእንሰት ቅጠል ላይ ነው። አንድ ተመርጦ አራት ሲጣሉ ማንም ክፉ ነገር የሠራ አልመሰለውም።

ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ውሻ ይህን ያህል ማሰብ ተገቢ ነው ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው በቁም ነገር የሚመጣ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ውሻ የመያዝ ግዴታ በማንም ላይ የለም። ለልጆቹ እራት ያጣ አባወራ ውሻ ባይዝ ማንም አይጠይቀውም። ግዴታው የሚጀምረው ከምርጫው ነው። ደግሞም ውሻውን በደንብ የሚይዘው ሀብታሙ ብቻ አይደለም። በእንሰት ጓሮ ተፈትቶ የሚሮጥ፣ ከልጆች ጋር ወደ ምንጭ የሚወርድ፣ ማታ ቆጮ የሚቀበል የደሃ ውሻ፣ በውድ ዋጋ ተገዝቶ በብረት ሳጥን ከሚኖረው ጀርመን የተሻለ ሕይወት አለው። ድህነት የሚከለክለው ጥቂቱን ነው፤ ክትባቱንና ሕክምናውን። ያንን ደግሞ መንግሥትና ማኅበረሰብ በዘመቻ ሊያግዙ ይገባል፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ በብዙ አገር ታይቷል። መርዝ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብም ክትባት መግዛት ይችላል።

እንግዲህ በሺንሺቾ ከተማ አንድ ቤተሰብ እንበል። ባልየው መምህር፣ ሚስቱ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ ሦስት ልጆች፣ ትንሹ የ4 ዓመት። በአንድ ግቢ ከአራት ሌሎች ተከራዮች ጋር ይኖራሉ። ሌባ ስለበዛ ውሻ ፈልገዋል። መምህሩ ጀርመን ዲቃላ አስቦ ነበር። ቁጭ ብለው ሲያስቡ ግን ቀድመው የሚመልሱት ጥያቄ ስለ ዝርያ አልሆነም። ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? በጋራው መጸዳጃ የሚመላለሱት ጎረቤቶች ይስማማሉ ወይ? ከተከራዮቹ አንዱ ሙስሊም ነው፤ ውሻው የት ይተኛል፣ የእሱ የሶላት ምንጣፍና ዕቃ እንዴት ይጠበቅለታል? ለፋሲካ ወደ ገጠር ሲሄዱ ማን ያበላዋል? ክትባቱ የሚጀመረው ወደ ሦስት ወሩ ሲጠጋ ነው፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል፤ ማን ይወስደዋል? ቤት ቢለቁና አዲሱ አከራይ ውሻ እምቢ ቢልስ?

ለእነዚህ መልስ ካገኙ በኋላ መልሱ ራሱ ውሻውን ይመርጠዋል። ትልቅ ውሻ በዚያ ግቢ አይሆንም፤ የ4 ዓመት ልጅ ባለበት ኃይለኛ አይሆንም። የሚፈለገው እንግዳ ሲመጣ የሚጮኽ ነው፤ ለመጮኽ ደግሞ መካከለኛው የሀበሻ ውሻ ይበቃል። ሌባም ከንክሻው ይልቅ የሚፈራው ጎረቤት የሚቀሰቅሰውን ጩኸት ነው።

ቡችሎቹ ወዳሉበት ቤት ሲሄዱ ሁለት ወር ሞልቷቸዋል፤ ከእናታቸው ለመለየት ይህ ትክክለኛው ጊዜ ነው። ወንዱ ተወስዷል። መምህሩ ላንቃ አያይም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፉን ያንቃጭላል። አንዱ ቡችላ ሮጦ ይሸሻል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይተኛል። አንዷ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ደንግጣ ወደ ኋላ ትላለች፣ ከዚያ ቆም ብላ አሽትታ ወደ እጁ ትመጣለች። መደንገጥና ከድንጋጤ መመለስ፤ ከላንቃ የተሻለ ምልክት ካለ ይህ ነው። ሴት ናት። ሚስቱ ይህን አስቀድማ አስባበታለች፤ ማምከን በየወረዳው ስለማይገኝ ወንድ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንት በዝግ ቤት መያዝ እንዳለባት፣ ካልሆነም ከሁለት ወር በኋላ ለሚመጡት ቡችሎች ቤት መፈለግ የእነሱ ዕዳ እንደሚሆን ተነጋግረዋል።

ትንሹ ልጅ በማጅራቷ ሊያነሣት ሲል እናቱ እጁን ትይዝና አንዱን መዳፍ ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሯ ሥር አድርጎ እንዲይዛት ታሳየዋለች። ይይዛታል፤ ልቧ በጣቶቹ መካከል ሲመታ ይሰማዋል። እናቲቱ ውሻ እስከ በሩ ትከተላቸውና ቆማ ትመለሳለች፤ ጥጉ ላይ ሌሎች ሦስት ይጠብቋታል። የቤቱ ባለቤት፣ እጃቸው ቆጮ እንደነካው፣ ከደጃፉ ሆነው ይጣራሉ፦

«ቲቸር፣ ለነዚህስ ሰው ታውቃለህ?»